ባሌ ተራሮችን ከልጅ ልጅ ጋር ለማየት፦ ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል

ክረምቱ አልፎ፣ መስቀልም ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የቤተሰብ ጉዞ ወሬ በየቤቱ ይነሳል። ልጆች የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ የት እንደሚሄዱ ይጠይቃሉ። ወላጅ ኪሱን ይዳስሳል፤ አያት ደግሞ ጉልበቱን። ብዙ ጊዜ ነገሩ በቢሾፍቱ ወይም በሶደሬ የቀን ውሎ ይታለፋል። እሱም ክፉ አይደለም። ሆኖም የአገራችንን ትልልቅ ብሔራዊ ፓርኮች የውጭ ሰው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ መጥቶ ሲያያቸው፣ እኛ በቴሌቪዥን ብቻ ማየታችን ያስቆጫል።

ዘንድሮ እኛ፣ የቀድሞ የካዛንቺስ ጎረቤታሞች፣ ልጆቻችንንና የልጅ ልጆቻችንን ይዘን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ተነስተናል። ጉዞው ጥር ላይ ነው፤ ዝግጅቱን የጀመርነው ግን ከሐምሌ ነው። ዕድሜዬን በነርስነት ስለሠራሁ የጤናው ጉዳይ ለእኔ ተሰጠኝ። እስካሁን ያሰናዳነው ለሌላ ቤተሰብም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እነሆ አቀረብኩት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ጎረቤት ተበታተነ። ከእኛ ግቢ አንዳንዱ ገላን ጉራ ገባ፣ አንዳንዱ የካ አባዶ፣ ጥቂታችን እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቀረን። ቤቱ ጠባብ፣ ጣሪያው ያረጀ ነበር፤ ብዙዎች አሁን የተሻለ ቤት አላቸው። ልጆቹ ግን በአንድ ደጃፍ አብረው ኳስ ሲጫወቱ፣ ከአንዱ ቤት ምሳ ከሌላው ቤት መክሰስ ሲበሉ ያደጉ ናቸው። ዕድራችን አልፈረሰም፤ ዛሬም በወር አንድ ጊዜ እንገናኛለን። በአንዱ የዕድር ቀን አንዲት እናት «ልጄ ጓደኞቹን የሚያገኛቸው ለቅሶ ቤት ብቻ ሆነ» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እቁቡ የተጀመረው ያን ቀን ነው። አሥራ አንድ ቤተሰብ በየወሩ እየከፈልን፣ ዕጣ የሚወጣለት ሰው ሳይኖር፣ ገንዘቡን ለጉዞው አጠራቀምን። አንድ ኮስተር ለመከራየት፣ ለማደሪያና ለምግብ የሚሆነውን በዚህ መንገድ አገኘን። ለአንድ ቤተሰብ የሚከብድ ወጪ ለአሥራ አንድ ሲካፈል ይቀልላል።

የትኛው ፓርክ ይሻላል?

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሳላውን፣ ፏፏቴውንና ፍልውኃውን በሁለት ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል። ነገር ግን ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ለሽማግሌና ለሕፃን ይከብዳል፣ ወባም አለ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን ስለነበር አንዳንድ እናቶች ፈሩት። ነጭ ሳር ፓርክ ከአርባ ምንጭ አጠገብ ነው፤ አዞውና የሜዳ አህያው ልጅን ያስደስታል፤ እዚያም ወባ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ የሁላችንም ምኞት ነው፤ እሱን የመንገዱ ሰላም ሲረጋገጥ ብለን አቆየነው።

ባሌን የመረጥነው በጥቂት ምክንያቶች ነው። ፓርኩ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ አዲስ አበባን አራት ጊዜ ያህል ማለት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከምድር ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚኖረው እዚያ ነው፤ በአጠቃላይ በአገሪቱ የቀረው ከ500 አይበልጥም። የደጋ አጋዘን ወይም ኒያላም ዋና መኖሪያው ባሌ ነው። የድሮዋ አሥር ሳንቲም ቤታችሁ ካለች አውጡና ለልጆቹ አሳዩ፤ ከአንበሳው ራስ ጀርባ ያለው እንስሳ እሱ ነው። የልጅ ልጄ ያቺን ሳንቲም እስካሁን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

በቤቱ ደካማ ሰው ልክ

ባሌ ግን ከፍታው ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ከመቶ ስልሳ እጅ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ለምንኖር ሰውነታችን ከፍታን በመጠኑ ለምዷል። ይህ ይጠቅመናል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይሆነንም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያደረግነው የተጓዦችን የጤና ዝርዝር መያዝ ነበር። ዕድሜ፣ ያለባቸው ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የመጨረሻው የደም ግፊት ልኬት። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት አንድ ጎረቤታችን ግን አስጨነቁን።

ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። በጉብዝናቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከአርሲና ከባሌ ስንዴ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ጉዞው ሲታሰብ ከሁሉ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ለሞላው የልጅ ልጃቸው «መንገዱን እኔ ነኝ የማሳይህ» ብለው ቃል ገብተውለታል። ነገር ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ የልብ ድካም አለባቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸውም አልፎ አልፎ ያብጣል። ልጃቸው «ሐኪም ከጠየቅን ይከለክላል፣ ዝም ብለን እንውሰዳቸው» አለ። ሌሎች «እሳቸው ካልሄዱ እኛም እንቅር» አሉ። ሁለቱም ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሁለቱም ግን አይሆንም። ሐኪማቸው ዘንድ አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ መረመራቸውና መድኃኒቱ በሚገባ እንደያዛቸው ነገራቸው፤ ከአዲስ አበባ የበለጠ ከፍታ ግን አልፈቀደላቸውም። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ «ሲስተር፣ አንቺም ከእሱ ጋር ሆንሽብኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኔ ከልጅ ልጅዎ ጋር ነኝ። አያቱ ተራራ ላይ ሲወድቁ ማየት የለበትም» አልኳቸው።

ከዚያ ካርታ ዘርግተን ተነጋገርን። መውጫችን በአዳማ፣ በአሰላና በቦቆጂ ነው። መመለሻችን ግን በዶዶላ፣ በኮፈሌና በሻሸመኔ አድርጎ በላንጋኖ በኩል ይሆናል። እዚያ አጠገብ ደግሞ አብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፣ ለልባቸውም ይቀላል። ስለዚህ እሳቸው ከሴት ልጃቸው ጋር በአራተኛው ቀን ላንጋኖ መጥተው ይጠብቁናል። ሰጎኑን፣ ሚዳቋውን፣ 266 ሜትር የሚጠልቀውን የሻላ ሐይቅና ከዳርቻው የሚፈላውን ፍልውኃ ለልጆቹ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙም ይህንን ፈቀደ። አሁን የመንገዱን ከተሞች በሙሉ በወረቀት ጽፈው፣ የት ቁርስ እንደሚበላና የት ጉም እንደሚበዛ እያመለከቱ ለሾፌራችን ሰጥተዋል።

ከዚህ የተማርነው ፓርክ የሚመረጠው በቤቱ ደካማ ሰው ልክ መሆኑን ነው። እሱ የማይችለው ሲሆን ደግሞ ጥሎ መሄድ ወይም ሁሉም መቅረት ብቻ አይደለም ምርጫው። ጉዞውን ከፋፍሎ እሱ የሚችልበት ቦታ ላይ መገናኘት ይቻላል።

ሐኪም ሳያማክሩ ከፍታ የማይወጡ እነማን ናቸው?

የልብ ድካም ወይም የደረት ውጋት ያለባቸው፣ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ ከባድ የደም ማነስ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ የደም ግፊታቸው በመድኃኒት ያልተስተካከለ። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሚሰማውን መናገር ስለማይችል እኛ ለሳነቴ አልመዘገብንም።

ግፊታቸው በመድኃኒት የተስተካከለ ሰዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መሄድ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ የማውቀው ልማድ አለ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግር ብሎ የሽንት ኪኒኑን ማቆም። ይህ አደገኛ ነው። ሰዓቱ እንዲስተካከል ሐኪም ይጠየቅ፤ ሾፌሩም በየሁለት ሰዓቱ ያቁም። ወርዶ አሥር ደቂቃ መራመዱ ለሽንቱም፣ እግር ላይ ደም እንዳይረጋም ይበጃል። ኢንሱሊን የሚወስዱ መድኃኒቱ በብርድ እንዳይበላሽ ከልብስ ሥር፣ ወደ ሰውነት አስጠግተው ይያዙት። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

የአምስት ቀን ዕቅዳችን

አንደኛ ቀን፦ ከካዛንቺስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን በአዳማ ፍጥነት መንገድ፣ በአሰላና በቦቆጂ አድርገን ሮቤ እናድራለን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቦቆጂ ላይ የምንቆመው ልጆቹ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችውን ከተማ እንዲያዩ ነው። ማታ ዲንሾ ሳይሆን ሮቤ የምናድረው ከፍታዋ ለአዲስ አበባ ስለሚቀርብ፣ ሰውነት የመጀመሪያውን ሌሊት በደንብ እንዲያርፍ ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ዲንሾ ተመልሰን መግቢያ እንከፍላለን፣ አስጎብኚ እንይዛለን። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ዛፍ ደን ውስጥ ኒያላ፣ ድኩላና ከርከሮ በእግር እየተራመዱ ይታያሉ። አያቶች፣ የኮሶን ዛፍ ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ እኛ በልጅነታችን ፊታችንን እያጨፈገግን የጠጣነው ከዚህ ዛፍ አበባ የተሠራ ነው። ዛሬ ግን ለኮሶ ትል የታወቀ ኪኒን አለ፤ አበባውን ለቅሞ ወደ ቤት መውሰድ አያስፈልግም፣ በፓርክ ውስጥም ክልክል ነው። ከሰዓት የጋይሳይን ሜዳ አይተን ሮቤ እንመለሳለን።

ሦስተኛ ቀን፦ በጎባ በኩል በጠዋት ወደ ሳነቴ እንወጣለን። ቀይ ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ መኪናው ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ያየዋል። ሰው ከፍ ያለ ቁመት ያለውን ጅብራ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እዚያ ላይ የምንቆየው ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ቀን ወጥተን ማታ ዝቅ ብለን ማደራችን ለከፍታ ሕመም ዋነኛው መከላከያ ነው።

አራተኛ ቀን፦ በሻሸመኔ አድርገን ላንጋኖ፤ ጋሼ እዚያ ይጠብቁናል። አምስተኛ ቀን፦ ጠዋት አብጃታ ሻላ፣ ከሰዓት ወደ ቤት።

ጊዜውን ጥር ያደረግነው ዝናብ ስለሌለ፣ የልጆቹ ዕረፍት ስለሆነ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳን ከመግባቱ በፊት እንዲመቻቸው ነው። ነገር ግን በዚህ ወቅት የሳነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋቱም ይቀዘቅዛል። ለእያንዳንዱ ሰው ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ አዘናል፤ ለአያቶች ጋቢ። አንዳንድ አባቶች «ብርዱን በአረቄ እንመታዋለን» ይላሉ። አረቄ ቆዳን ያሞቃል እንጂ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ የከፍታ ሕመምንም ይሸፍናል። ትኩስ ሻይ ይሻላል። ፀሐዩም በከፍታ ይጠነክራል፤ ብርድ ስለሆነ አያቃጥልም ማለት አይደለም።

የከፍታ ሕመም ምልክቶች

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት። ልጅ ከሆነ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ጨዋታ ይተዋል፣ የሚወደውን ምግብ አልፈልግም ይላል። ደንቡ አጭር ነው። እነዚህ ምልክቶች ያሉበት ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ካልተሻለው ይወርዳል። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ አረፋ ያለው አክታ ካሳለው፣ ሲሄድ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ጊዜ የለም፤ ወዲያው ወደ ታች፣ ወደ ሕክምና። ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ለከፍታ የሚታዘዝ ኪኒን ቢኖርም ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ። ሾፌሩ ስለሚታመም ሰው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ «ትንሽ ቆይተን» የሚል ሰው እንዳይከራከረው ከወዲሁ ተስማምተናል። ውረዱ ያልኩ ቀን ሁሉም ይወርዳል።

ቀይ ቀበሮና የቤት ውሻ

ለልጆቹ ከነገርኳቸው ሁሉ የገረማቸው የባሌ ቀይ ቀበሮ ዋና ጠላት አንበሳ ወይም ነብር ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ነው። በሽታው ከቤት ውሾች እየተሻገረ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና በ2008 ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የገበሬውን ውሻ መከተብ ቀበሮውን የማዳኛ መንገድ ሆኗል። የሚድነው ደግሞ ቀበሮው ብቻ አይደለም፤ ውሻው ሲከተብ የገበሬውም ልጅ ይድናል።

ከዚህ የሚወጣ ትምህርት ለእኛም አለ። መንገድ ላይ ያገኙትን ውሻ ልጆች አይንኩ። ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ። ሕመሙ አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ያድናል።

ወባና ውኃ

ባሌ ደጋው ላይ ወባ አያሰጋም። ላንጋኖ ስንወርድ ግን ያሰጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ስለዚህ አጎበር ይዘናል፣ ማታ እጅጌ ሙሉ ልብስ እንለብሳለን። ከተመለስን በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሁሉ «ጉንፋን ነው» ሳይል የደም ምርመራ ያደርጋል፤ የት ደርሶ እንደመጣም ለሐኪሙ ይናገራል። ወንዝና ምንጭ ንጹሕ ቢመስልም አይጠጣም፤ የታሸገ ወይም የፈላ ውኃ ብቻ።

በጤና ቦርሳችን ያለው ይህ ነው፦ የግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ የእያንዳንዱ ሰው መድኃኒት ከጉዞው ቀን በላይ ለአምስት ቀን የሚበቃ ጨምሮ፣ የታዘዘበት ወረቀትም አብሮ። ለምግብ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ተዘጋጅቷል። ቆሎው ለሰው ነው፤ ለእንስሳ አይወረወርም። ቆሻሻችንን በማዳበሪያ ይዘን እንመለሳለን።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቤተሰቦች የመንገዱን ሰላምና የመግቢያ ክፍያውን ከመነሳታችሁ ሁለት ሳምንት በፊትና በዋዜማው አጣሩ፤ ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። ገንዘቡን እንደ እኛ በእቁብ መጀመር ትችላላችሁ። ከገንዘቡ በፊት ግን የግፊት መለኪያውን አውጡ፣ አባትና እናታችሁን አስቀምጡ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ባሌ ቢቀር አብጃታ አለ፤ አብጃታም ቢቀር ከልጅ ልጅ ጋር ካርታ ዘርግቶ ማውራት አለ። መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።